ለፕሮሰሰር የተላኩ ሽማግሌዎች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ የሱኮት በዓል ዳሶች ፈርሰው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በተመለሰበት ሰሞን። እዚህ እስራኤል፣ ናታኒያ ከተማ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ሳምንት የፈራሁበትም የሳቅሁበትም ጊዜ የለም። ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል። ስለዚህ ጽፌ ላካፍላችሁ አልኩ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የጽሑፍ ጉድለት ብታገኙ እለፉኝ።

የምኖረው ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈር ነው። የምሠራው ባሕሩ ዳር ባለ አንድ ሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና ልጄ ኦሪት ብቻ ነን። ኦሪት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷ ደፋር ናት፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ጋዙን ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ከደረጃው ተመልሼ እንደገና የማይ ሰው ነኝ።

ኦሪት በትምህርት ቤት የመረጠችው የሕንፃ ንድፍ ነው። ሕንፃውን በኮምፒውተር ላይ ትሠራዋለች፤ ከፊትም ከጎንም ከላይም እንዲታይ ታዞረዋለች። ለባግሩት፣ ማለት ለማጠቃለያው ፈተና፣ አንድ ሙሉ የመዋዕለ ሕፃናት ሕንፃ ሠርታ ማቅረብ ነበረባት። ችግሩ ያለን ኮምፒውተር አሮጌ ላፕቶፕ መሆኑ ነው። ሕንፃውን ልታዞር ስትነካው ይግላል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ድርቅ ብሎ ይቀራል። አስተማሪዋ እስከ ሐኑካ በዓል ድረስ ካላቀረብሽ ከዚህ ክፍል ወጥተሽ ወደ ሌላ ትምህርት ትዛወሪያለሽ አለቻት።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ያንኑ አንድ ሳህን ደጋግማ። ልጄን አውቃታለሁ። ያ ከልቅሶ የባሰ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ኦሪት ግን ዘዴ አመጣች። "ኢማ፣ አንገዛውም፤ እንሠራዋለን" አለችኝ፤ ኢማ የምትለኝ በዕብራይስጥ እማዬ ማለቷ ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ ሰብስባ ራሷ ልትገጣጥመው ነው። ባዶውን ሣጥን ከአጎቷ ልጅ አገኘች። ማዘርቦርድ የሚባለውን፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ የጎረቤት ሕፃን እየጠበቀች ባገኘችው ገንዘብ ገዛች። ሆቴላችን ሊጥለው የነበረውን ስክሪን ደግሞ እኔ አለቃዬን ለምኜ አመጣሁላት። በመጨረሻ የቀረው ፕሮሰሰሩ ነበር።

"እሱ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጭንቅላቱ ነው። ሌላው ሁሉ እሱ ያዘዘውን ነው የሚሠራው።"

"እንግዲያው እሱን እንኳ ርካሽ አትግዢ።"

"ርካሽ ነው የምንገዛው፣ ኢማ። ርካሽ ማለት ግን ደደብ ማለት አይደለም።"

ካንዮን ወደሚባለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ሄደን ጠየቅን። ሻጩ ለሕንፃ ንድፍ ከሆነማ የሚያስፈልጋችሁ ትልቁ ነው አለን። ዋጋውን ስሰማ ኦሪትን በክንዷ ይዤ ወጣሁ።

በመንገድ ላይ አስረዳችኝ። ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሥዕል የማውጣት ችሎታ በውስጡ የለውም፤ እሱን የገዛ ሰው ለሥዕሉ ብቻ ሌላ ካርድ መግዛት ግድ ይሆንበታል፣ ያለዚያ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሁለተኛው ሥዕሉን ራሱ ያወጣል። ከትልቁ ቢያንስም ለእሷ ሥራ ይበቃል። ነገሩ ሁሉ ባይገባኝም አንዱ ገባኝ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጧቸው እኔ ለይቼ አላውቃቸውም። ሁለቱም የብስኩት ቁራጭ የሚያክሉ ብረቶች ናቸው። አንዱን ነው ብሎ ሌላውን ቢሸጥልኝስ?

በዚያ ላይ ኦሪት ያገኘችው አዲስ አይደለም፤ በኢንተርኔት ከሰው እጅ የሚሸጥ ነው። ከሰው እጅ ስለሚገዛ ዕቃ ደግሞ እኔን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ከማላውቀው ሰው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ። ሰውየው ቤቴ ቆሞ ሳለ አሳምሮ አጠበ። ሰውየው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ቀጥ አለ። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ በማሽን ሳጥብ ውዬ፣ ማታ የቤቴን ልብስ በእጄ ሳሽ ከረምኩ።

"የሚሸጠው ማነው?" አልኳት።

"ኤፍራት የምትባል ልጅ ናት። ኪርያት ሀሻሮን ነው ቤታቸው። የእኛ ሰው ናት፤ የአባቷ ስም ይርጋ ነው። አዲስ ስለገዛች አሮጌውን ልትሸጥ ነው። ካንዮን ደጃፍ እንገናኝ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ብላለች።"

"ደጃፍ? ሰው ቤቱን የሚደብቀው ለምንድን ነው?"

"ኢማ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

"እኔ ሁሉም ሰው አይደለሁም። ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ እናትና አባቷን አይቼ ነው የምገዛው።"

ኦሪት ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ ጻፈችላት። ልጅቷ ደግ ሆና አድራሻውን ላከች፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኑ አለች።

አሁን ደግሞ ለብቻዬ መሄዱን ፈራሁ። ከእኛ ሁለት ደጃፍ ራቅ ብለው ወደሚኖሩት ወደ አጎቴ፣ ወደ አባ ታከለ ሄድኩ። አባ ታከለ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲጋባ የሚላኩ ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸውን ያየ ሰው መዋሸት ያፍራል።

"አንቱ አብረውኝ ካሉ ማንም አያታልለኝም" አልኳቸው።

"ምን ልትገዢ ነው?"

"የኮምፒውተር ጭንቅላት።"

ትንሽ አሰቡ። "ጭንቅላት ከሆነማ ብቻዬን አልችለውም። ብሩን ልጨምር" አሉ። አባ ብሩ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር የሚኖሩ የድሮ ጓደኛቸው ናቸው፤ ቀልድ የማይለያቸው ሰው።

እሑድ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለቱን ቆመው ሳያቸው ደነገጥኩ። እንደ በረዶ የነጣ ጋቢ ለብሰዋል። አባ ታከለ ከጋቢው ሥር ጥቁር ኮት አድርገዋል፤ ባርኔጣቸውንም ጭራቸውንም ይዘዋል። አባ ብሩ ጃንጥላ ይዘዋል፤ ሰማዩ ላይ ግን አንድ ደመና የለም።

ኦሪት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በዕብራይስጥ "ሠርግ ነው እንዴ የምንሄደው?" አለችኝ።

አባ ብሩ ሰሙ። "ታዲያ የሰው ቤት እንደ አንቺ በተቀደደ ሱሪ እንሂድ?" አሏት። ኦሪት ጉልበቷ ላይ የተተረተረውን በቦርሳዋ ሸፈነች፤ እስክንደርስም ቦርሳዋን ከዚያ አላነሳችም።

ቤታቸው ከረጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው። አባ ታከለ በሊፍቱ መስተዋት ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። አባ ብሩ ዓይናቸውን ጨፍነው "ደረስን?" እያሉ ይጠይቃሉ።

በሩን የከፈቱልን የኤፍራት እናት፣ ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ፤ እኔን አዩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘወር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይርጋ፣ መጡ" አሉ።

ልጅቷ ነግራቸዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አቶ ይርጋ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ መጡ። አባ ታከለና አባ ብሩ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ግቡ ሳይባሉ አይገቡም፣ ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡም። አቶ ይርጋ አቋቋማቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ሁለቱን በክንዳቸው ደግፈው ትልቁ ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው። ወይዘሮ ስንዱ ዳቦውን፣ ኦቾሎኒውን፣ ብርቱካኑን፣ ለስላሳውን አከታትለው አቀረቡ።

የብስኩት ቁራጭ ለምታክል ዕቃ ይህን ያህል መስተንግዶ አይቼ አላውቅም። ጥሩ ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ፣ ሊያታልሉን ቢሆንስ? አልኩ። የእኔ ልብ እንዲህ ነው።

ኦሪት "ኤፍራት የት ናት?" ልትል አፏን ስትከፍት ጉልበቷን ጫን አደረግኋት። ትልልቆች ባሉበት ልጅ አይቀድምም። ሽማግሌዎቹም ገና እንደ ተቀመጡ የመጡበትን ጉዳይ አይናገሩም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ ከዚያ ስለ ዝናብ ይወራል፤ ከዚያ ስለ ልጆች፤ ከዚያ ስለ ሀገር።

ጨዋታው ሀገር ላይ ሲደርስ አቶ ይርጋ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። "አባ፣ ከየት ናችሁ? የእነማን ወገን ናችሁ?"

አባ ታከለ ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ሃያ ዓመት ይቀንሳሉ። ጭራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከወገራ ተነሡ፤ አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ የአያታቸውን እናት ጠሩ። አቶ ይርጋም በፊናቸው የራሳቸውን ይቆጥራሉ። ፊታቸው ግን የጨዋታ ፊት አይደለም፤ እንደ ዳኛ ነው የሚያዳምጡት።

"ቆይ እስቲ" አሉ አባ ታከለ። "ፈንታ ያልከው ያን አንድ ዓይናውን ፈንታ ነው? ደንቢያ ወርዶ ያገባውን?"

"እሱን ነው።"

"የእሱ እህት የአያቴ እናት ናት እኮ።" አባ ታከለ ጭናቸውን መታ አደረጉ። "ይርጋ፣ ዘመድ ነን። ሩቅም አይደለን፤ አምስተኛው ቤት ላይ እንገናኛለን።"

እኔ እፎይ አልኩ። ከዘመድ የገዛ አይታለልም። አባ ብሩም "ተገላገልን" ብለው ወደ ኦቾሎኒያቸው ተመለሱ።

አቶ ይርጋ ግን ጣቶቻቸውን እንደገና ቆጠሩ። ወይዘሮ ስንዱ የያዙትን ትሪ ቀስ ብለው አስቀመጡና ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

"እንግዲያው አይሆንም" አሉ አቶ ይርጋ። ድምፃቸው ወርዷል። "ሰባት ቤት ሳይሞላ አይሆንም። እናንተም ታውቁታላችሁ።"

ዕቃ ለመግዛት ሰባት ቤት ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ከዘመድ ገንዘብ መቀበል አይወዱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ኦሪትን አየኋት። የአማርኛው ጨዋታ ፈጥኖባት ግማሹ አልፏታል፤ "አይሆንም" የሚለውን ግን በደንብ ሰምታለች። ያ ሳህኑን ስታጥብ የነበራት ፊት ተመልሶ መጣ።

ያን ፊት ሳይ መፍራቴን ረሳሁት። ቤታቸው ተቀምጬ፣ ሽማግሌ እያለ፣ እኔ ተናገርኩ። "አባ ይርጋ፣ እባክዎ። ለዘመድም ቢሆን ይሁን ይበሉን። ከሌላ ሰው የምንገዛበት ጊዜም አቅምም የለንም።"

"ከሌላ ሰው የምትገዙበት?" አሉ አቶ ይርጋ። ግንባራቸው ተኮማተረ። "እቴ፣ እኔ ልጁን አልጠላሁትም። ሽማግሌ ካልላከ አላውቀውም ስል የኖርኩት ወጉ ይጠበቅ ብዬ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ደጄ ቆሞ ሳይ ደስ አለኝ፤ ልጄን ልሰጥ ቆርጬ ነበር። ዘመድ ከሆንን ግን ምን ላድርግ? እንዴት ብዬ አጋባቸዋለሁ?"

አባ ታከለ አባ ብሩን አዩ። አባ ብሩ ወደ አፋቸው የወሰዱትን ኦቾሎኒ መለሱት።

"ማንን ነው የምናጋባው?" አሉ አባ ብሩ።

በዚህ መሀል የአንዱ ክፍል በር ተከፈተ። ኤፍራት ናት። ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አውርዳለች፤ በእጇ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ይዛለች። "ይቅርታ፣ መምጣታችሁን አልሰማሁም" አለች። "ኦሪት ማናት? ፕሮሰሰሩን የምትወስደው?" ከዚያ እናቷን አየች፤ አባቷን አየች። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አሉ እናቷ፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ። "የጋዲ ሽማግሌዎች መጥተው ዘመድ ሆነን ተገኘን።"

ኤፍራት ሽማግሌዎቹን ደህና አድርጋ አየቻቸው። "እነዚህ የጋዲ ሽማግሌዎች አይደሉም። ጋዲ ገና ማንንም አልላከም። እነዚህ የኮምፒውተር ዕቃ ሊገዙ ነው የመጡት።"

ከታች የሚያልፈው አውቶቡስ ድምፅ ይሰማል።

አቶ ይርጋ ወደ አባ ታከለ ዞሩ። "አባ፣ ለኮምፒውተር ዕቃ ሽማግሌ ይላካል?"

አባ ታከለ ኮታቸውን ሳብ አደረጉ። "እኛ ምን እናውቃለን? ጭንቅላት ነው ተብለን ነው የመጣን።"

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። እንባቸው ገና ሳይደርቅ ነው የሳቁት። ከዚያ አባ ብሩ ቀጠሉ፤ አቶ ይርጋ ትንሽ ሊይዙት ሞክረው አቃታቸው፣ ሶፋው ላይ ተደገፉ። ኤፍራት ለኦሪት በዕብራይስጥ አስረዳቻት። ኦሪት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጉልበቷ ላይ ተደፋች፤ የተቀደደውን ሱሪዋን ለመሸፈን ጊዜ አልነበራትም። እኔ ደግሞ ከሃፍረት ብዛት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ ግን ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔው ሆንኩ።

ሳቁ ሲበርድ አቶ ይርጋ ልጃቸውን ጠሯት። "የጋዲ ወገኖች ከየት ናቸው?"

"ከትግራይ በኩል ናቸው፣ አባዬ። ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ከአንተ ጋር የሚያገናኛቸው ማንም የለም።"

አቶ ይርጋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "አሁን ለጥቂት ደቂቃ ያህል ልጄን ከሠርጓ ሳስቀር ምን እንደሚመስል አየሁት። ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። በይ ደውይለት፤ ሽማግሌ ይላክ። ግን እንደነዚህ አምረው ይምጡ።"

ኤፍራት ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ሮጠች። በመስተዋቱ ውስጥ እናያታለን፤ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ በሌላው አየሩን ትቀዝፋለች። ወይዘሮ ስንዱ እሷን እያዩ እንደገና አለቀሱ፤ የአሁኑ ግን ሌላ ልቅሶ ነው።

አባ ብሩ ወደ አባ ታከለ ጎንበስ አሉ። "አንተ አሁን የሴቷ ወገን ሆነሃል። እነሱ ሲመጡ ቶሎ ተቀመጡ እንዳትላቸው። ትንሽ ይቁሙ።"

እንዳሉትም አደረጉ። የጋዲ ሽማግሌዎች በሁለተኛው ሳምንት ሲመጡ አባ ታከለ ከቤቱ ወገን ሆነው ተቀምጠው ነበር። ተቀመጡ እስኪባሉ አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን ሲያሽ ነበር አሉ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ኤፍራት ከበረንዳው ስትመለስ ሣጥኑን ከፈተችልን። አባ ታከለ ፕሮሰሰሩን በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። "ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው፣ አባ" አለች ኤፍራት።

"ለዚች ነው ጋቢ ያሳጠብኸኝ?" አሉ አባ ብሩ።

ጀርባው ላይ እንደ ብሩሽ የቆሙ ቀጫጭን የወርቅ መርፌዎች አሉት። አንዱ እንኳ ቢታጠፍ አይሠራም አለች ኦሪት። የስልኳን መብራት አብርታ መደዳውን አየችው፤ እኛም ሁላችን ዙሪያዋን ጎንበስ ብለን ምን እንደምናይ ሳናውቅ አየን። አንድም የታጠፈ የለም።

"ሥዕሉን ራሱ የሚያወጣው ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"አዎ፣ ራሱ የሚያወጣው ነው" አለች ኤፍራት፤ ከላዩ የተጻፈውን ቁጥር ለኦሪት አሳየቻት፤ ኦሪትም ራሷን ነቀነቀች።

"ቤቴ ደርሶ ቀጥ ቢልስ?"

"እኔ ራሴ ዓርብ መጥቼ ከኦሪት ጋር እገጥመዋለሁ። ካልሠራ ይዤው እመለሳለሁ።"

አቶ ይርጋ ዘመድ ሆነን ገንዘብ አልቀበልም አሉ። እኔ ደግሞ ያልከፈልኩበትን ዕቃ አልወስድም አልኩ፤ በነፃ የተወሰደ ነገር ቢበላሽ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ኤፍራት ስቃ ገንዘቡን ተቀበለችኝ።

ዓርብ ቀን ኤፍራት እንዳለችው መጣች። ሁለቱ የምግብ ጠረጴዛዬን ተቆጣጠሩት። ፕሮሰሰሩን በቦታው አኖሩት፤ ከላዩ እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ቅባት ጠብ አደረጉ፤ በዚያ ላይ ማቀዝቀዣውን አሰሩ። እኔ ዶሮውን እየሠራሁ በአንድ ዓይኔ አያቸዋለሁ። ኤፍራት እንደ አስተማሪ አልሆነችም። ኦሪት ስትሰካ ዝም ብላ ታያለች፤ ኦሪት ቀና ብላ ስታያት ብቻ ራሷን ትነቀንቃለች።

ሁሉም ተሰካ። ኦሪት ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

እጄ ላይ ማማሰያው ቀረ። ያ የማጠቢያ ማሽን በዓይኔ መጣ። ኦሪት ከንፈሯን ነክሳለች።

ኤፍራት ግን አልደነገጠችም። አጥፍታ ወደ ውስጥ አየች፤ ማስታወሻ የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ቀጭ አለ። "አሁን አንቺ ክፈቺው" አለቻት።

ኦሪት ከፈተችው። ስክሪኑ በራ።

በስክሪኑ ላይ የመጣው ብዙ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ነው። ኤፍራት አንዱን ጥግ አሳየችኝ፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በቁጥር ይጻፋል። "ይህ ቁጥር ከዚህ በላይ ካልወጣ ደህና ነው" አለችኝ። እኔና እሷ ቁጥሩን ስናይ፣ ኦሪት በቤቱ ውስጥ ስትዘል፣ ኤፍራት በድንገት ወደ መስኮቱ ዞረች። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ወርዳለች። ከሰንበት በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው። የሰጠኋትን ዳቦ በእጇ ይዛ ደረጃውን ስትሮጥ ሰማናት።

እኔም ቸኩዬ የሰንበቱን ሻማ ለኮስኩ፤ ዓይኔን ሸፍኜ ባረክሁ። እጄን ከዓይኔ ሳነሳ ኦሪት ኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች፤ ጣቷ ወደ ቁልፉ ተዘርግቷል።

"ኢማ፣ አልዘጋነውም።"

"ተይው። ሰንበት ከገባ ቁልፍ አይነካም።"

ስለዚህ ሳይዘጋ አደረ። ማራገቢያው ዝዝ ይላል፣ ስክሪኑ ያበራል፣ እኛ በእሱ ብርሃን ዶሮ እንበላለን። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ እንቅልፍ የት አባቱ። ይግል ይሆን? ይቃጠል ይሆን? እየተነሣሁ ቁጥሩን አያለሁ፤ ከነበረበት አይወጣም። በማግስቱ አባ ታከለ ከምኩራብ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ቆመው አዩት። "ይኼ ሰውዬ ሰንበት አያውቅም?" አሉ።

ለካ እኔ በራሴ ፈቃድ ከቶ የማላደርገውን ፈተና ሰንበት ፈተነልኝ። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ ሳያርፍ ሠራ፤ ቁጥሩም አልወጣ፤ እሱም ቀጥ አላለ። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ በዚህ ዕቃ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ ጠፍቶ ነበር። በሕይወቴ በእርግጠኝነት የማምነው ዕቃ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ኦሪት ፕሮግራሞቿን ጫነች፤ የመዋዕለ ሕፃናቱን ሕንፃ ከፈተች። በማውሱ ያዝ አድርጋ አዞረችው። ሕንፃው ዞረ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። አልደረቀም። እንደገና አዞረችው። እንደ እንዝርት ነው የሚዞረው። ዘወር ብላ አየችኝ፤ ያን ፊቷን ከየትኛውም ገንዘብ አልለውጠውም።

እኔ ግን ሕንፃውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። "በሩን ለምን ወደ መንገዱ አደረግሽው? ሕፃናት እኮ ሮጠው ይወጣሉ" አልኳት።

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። ሕንፃውን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ በሩን ይዛ ወደ ግቢው በኩል አዞረችው። "ሌላስ?" አለችኝ። ደረጃው መያዣ የለውም አልኳት። መስኮቱ ለሕፃን ዝቅ ብሏል አልኳት። አንድ በአንድ አስተካከለችው።

ሥራዋን ከሐኑካ በፊት አቀረበች፤ ከክፍሏም አልወጣችም። የኤፍራት ሠርግ በጸደይ ሆነ፤ እኔና ኦሪት ከዘመድ ጠረጴዛ ተቀመጥን። ኦሪት ያን ቀን ቀሚስ ለበሰች።

እኔ እንደ ድሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ይህ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ድሮ ግን ፍርሃቴ ልጄን የሚያስመርራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን አዲስ ሕንፃ ጀምራ ስትጨርስ ከክፍሏ ትጠራኛለች። "ኢማ፣ ነይ እስቲ ፍሪልኝ" ትለኛለች። እኔም ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጥና እፈራላታለሁ።